«ነግረናቸው ነበር»

ጥፋትን ከራስ ላይ አውርዶ በሌላው ጫንቃ ላይ ለመጫን «ነግሬው ነበር» የምትለዋን ያህል የምትቀል ዓረፍተ ነገር ያለች አይመስለኝም። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ሲሰበር አባት ይላታል፤ ነጋዴው ሲከስር ወዳጁ ይላታል። ተናጋሪው ከተናገራት በኋላ ቀለል ይለዋል፤ ሰሚው ደግሞ በስብራቱ ላይ እፍረት ይጨመርለታል። ይህች ዓረፍተ ነገር በነጠላ ስትነገር ያው የሰው ልጅ ድክመት ናት ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔን የምታሳስበኝ በብዙ ቁጥር ስትነገር ነው፤ «ነግረናቸው ነበር» ስትባል። ስለ ጤና ለማስተማር ወደ ሕዝብ ከሚወጡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሰዎች አንደበት፣ በስብሰባ አዳራሽም ሆነ በሻይ ዕረፍት ጨዋታ ላይ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። ለመሆኑ መናገር ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣልን?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የጤና ትምህርትን ለማጣጣል አልተነሣሁም። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ውሃ መከልከል ሳይሆን ደጋግሞ ማጠጣት እንደሚገባ ማወቅ ብቻውን ነፍስ ያተርፋል። እንገር ተጥሎ የሚደፋ ሳይሆን ለተወለደው ልጅ የመጀመሪያው መከላከያ መሆኑን የተረዳች እናት፣ ያለ አንዳች ወጪ ልጇን ትጠቅማለች። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ይዞ ፀሐይና አቧራ ሳይል ከመንደር መንደር የሚዞር ሰው ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ የተነገረው ሰው የተነገረውን ሳይፈጽም ሲቀር።

«ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ሐሳባችንን ያጋልጣል። ማስጨበጥ የሚቻለው ያልጨበጠን ነው። እጁ ባዶ የሆነ ሰው አለ እንበል፤ እጁ የሞላ ሌላ ሰው ከከተማ በመኪና ይመጣል፤ ያስጨብጠዋል፤ ያስፈርመዋል፤ ይመለሳል። ማታ ላይ «ለዚህን ያህል ሰው ግንዛቤ ተሰጠ» ተብሎ በሪፖርት ይሰፍራል። የተቀባዩ እጅ አስቀድሞ በሌላ ነገር፣ በእንስራ፣ በልጅ፣ በማጭድ ተይዞ እንደ ነበር ግን ማንም አይጽፍም።

አበው «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ይህ ተረት ሁለት ጊዜ «ምከረው» ማለቱ ደግ ነው፤ መካሪው ታጋሽ እንዲሆን ያዛል። መካሪውን ከኃላፊነት የሚያሰናብተው ቃል «እምቢ ካለ» የሚለው ነው። ተመካሪው ሰምቶ፣ ገብቶት፣ መፈጸም እየቻለ እምቢ ካለ በእርግጥ ከዚያ ወዲያ ያለው የራሱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ያልፈጸመ ሁሉ እምቢ ያለ ነውን?

የጥንት ፈላስፎች በዚህ አካባቢ ተከራክረዋል። ፕላቶ «ፕሮታጎራስ» በተባለው ሥራው ውስጥ የሚያናግረው ሶቅራጥስ፣ ሰው የሚሻለውን እያወቀ የሚከፋውን አይመርጥም ባይ ነው፤ ጥፋት ሁሉ ከአለማወቅ ይመጣል። አሪስቶትል ደግሞ በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» ሰባተኛ መጽሐፍ ላይ ይህን አይቀበልም፤ ሰው እያወቀ፣ ፍትወቱና ስሜቱ አሸንፎት ሊሳሳት ይችላል ይላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሐኪም ለአሪስቶትል ጥሩ ምስክር ነው። የጤና ትምህርታችን በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ሕዝቡ ካላወቀ እናሳውቀው ይላል፤ አውቆ ካልፈጸመ ደግሞ ልማድና ግዴለሽነት ይዞታል ይላል። ሦስተኛው ሰው ግን ተረስቷል። እርሱ ያውቃል፤ ይፈልጋል፤ አይችልም። ካንት «ማድረግ ይገባሃል» ማለት «ማድረግ ትችላለህ» ማለትን ያዘለ ነው ብሎ አስተምሯል። ይህ እውነት ከሆነ፣ የማይችለውን ሰው «ይገባሃል» ማለት ትምህርት ሳይሆን ዕዳ መጻፍ ነው።

ነገሩን በትራኮማ እንየው። ይህ የዓይን በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ጠባሳ ይይዝና ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፋቀ ቀስ በቀስ ያሳውረዋል። ሕፃናትን የሚይዙት እነርሱ በመሆናቸው ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጎዳሉ። የአማራ ክልል በሽታው በዓለም ላይ እጅግ ከበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መፍትሔ አራት ክፍል አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሐኪምና በመኪና ይመጣሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በአብዛኛው ለባላገሩ፣ ይልቁንም ለባላገሯ የሚተዉ ናቸው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቀበሌ ይህ ትምህርት ሲሰጥ ተገኝቼ ነበር። አስተማሪው ወጣት፣ ቅንና አነጋገረ ጥሩ ሰው ነበር። ሲጨርስ አንዲት እናት ተነሡ። «ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ ልጄ። እኔ ውሃ የምቀዳው ከወንዝ ነው፤ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የምሸከመው አንድ እንስራ ነው። ከመጠጡ ልቀንስ፣ ከሊጡ ልቀንስ፣ ከወጡ?» አሉት። ወጣቱ ወደ አለቃው ተመለከተ። አለቃውም «እናቴ፣ ውሃ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ የእኛ ትምህርቱ ነው» አላቸው። እናትየው ተቀመጡ። ሲወጡም በስም መዝገቡ ላይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ለጥያቄያቸው መልስ ጠፍቶ አልነበረም። የአንድ ሕፃን ፊት ለማጠብ ከአንድ ኩባያ ያነሰ ውሃ ይበቃል፤ ይህንኑ በፊታቸው አድርጎ ማሳየት ይቻል ነበር። ይህ ግን የሚታየው ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ለሰማ ሰው ነው። የእናትየዋ ንግግር የተሰማው እንደ ሰበብ ነበር።

የዚያን ዕለት የሆነውን ነገር ልብ እንበል። ከትምህርቱ በፊት የልጃቸው ዓይን ቢታመም ዕድል ነበር፤ ወይም የእግዜር ፈቃድ። ከትምህርቱ በኋላ ግን የእርሳቸው ጥፋት ሆነ። እንስራው አልጨመረም፤ ወንዙም አልቀረበም፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር በደለኛው ማን እንደ ሆነ ነው። አቅም ሳይጨምር ዕውቀት ብቻ የሚጨምር ትምህርት፣ ድህነትን ወደ ኃጢአት የመለወጥ ኃይል አለው። ድሀው መታመሙ ሳያንስ በመታመሙ ይወቀሳል።

ይህ የገጠር ጣጣ ነው የሚል አንባቢ ካለ ወደ አዲስ አበባችን እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ስልክ በደወልን ቁጥር ሳይቀር «እጃችሁን ታጠቡ፤ ርቀታችሁን ጠብቁ» እየተባልን ከረምን። ምክሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነዋሪ ቶሎ ቶሎ መታጠብ፣ ስድስት ሆኖ በአንዲት ክፍል የሚያድር ቤተሰብ ርቀት መጠበቅ እንዴት ይችል ነበር? ሰምተናል፤ ገብቶናልም። ያልታጠብነው ሁሉ እምቢ ብለን ነበርን?

ሌላም የሚከብድ ምሳሌ አለ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን ከታወቁ በኋላ፣ ትምህርቱ ለብዙ ጊዜ የተሰጠው በፍርሃት ነው። የራስ ቅልና የከሳ ገላ የተሳለባቸውን ፖስተሮች የማያስታውስ የእኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። መልእክቱ ውሸት አልነበረም፤ በሽታው ይገድል ነበር። ነገር ግን የቫይረሱን ጉልበት የሚያደክመው መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ለታመመው ሰው የተነገረው ሞቱን ነው፤ ለጎረቤቱ የተነገረው ደግሞ ሞቱ የት እንደሚኖር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ያልደበቀውስ ምን ነበረው? ያልደበቀው ከኪራይ ቤቱ ይባረር፣ ሲኒው ይለይበት ነበር። ፖስተሩ ለጤነኛው ጥንቃቄ ሲያስተምር ለታመመው መደበቅን አስተማረ።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው አስተማሪው ሲለወጥ ነው። እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉት፣ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የተመሠረቱት ማኅበራት አባላት ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። በአደባባይ ቆመው ስለ ራሳቸው ሲናገሩ፣ «ነግረናቸው ነበር» ለማለት የማይችሉ አስተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። ከሰሚው ጋር ከአንድ ዕጣ የሚቆርስ ሰው ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብሎ እጁን ሊታጠብ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ሐኪም ወዳጄ «ታዲያ ውሃው እስኪመጣ፣ መድኃኒቱ እስኪገኝ ዝም እንበል ወይ?» ሲል ይሞግተኛል። ሙግቱ ትክክል ነው። ድሀ ስለ ሆነ ማወቅ አያስፈልገውም ማለት በድህነቱ ላይ ሁለተኛ ንቀት ነው። እንዲያውም ውሃ የልጇ ዓይን መሆኑን ያላወቀች እናት፣ ውሃ ይግባልን ብላ የቀበሌውን ደጅ ለመጥናት ምክንያት የላትም። ማወቅ መብትን የመጠየቂያ ጉልበት ነው። ስለዚህ እኔ ዝም ይባል አልልም። የምለው፣ የተናገረ ሰው ዕዳውን ከፈለ ሳይሆን ዕዳ ገባ ነው። ከመናገሩ በፊት መንገደኛ ነበር፤ ከተናገረና ጥያቄውን ከሰማ በኋላ ግን ምስክር ሆኗል። ምስክር ደግሞ ያየውን ይዞ ዝም አይልም። ውሃ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ከሆነ፣ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ሄዶ የመናገር ግዴታ አለበት።

ይህ ከንቱ ምኞት እንዳይመስል ሁለት ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማራ ክልል፣ በካርተር ማዕከል ድጋፍ ከትራኮማ መከላከል ጋር ተያይዞ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር ሲቀሰቀስ፣ ከታቀደው አሥር ሺህ ገደማ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተቆፈረ። ባላገሩ ስለ ዝንብና ስለ ባክቴሪያ የተነገረው በድንገት ስለ በራለት ብቻ አልነበረም። ሴቶቹ ሌላ ምክንያት ነበራቸው። በቀን በሜዳ መጸዳዳት ነውር በመሆኑ፣ እስኪመሽ ሆዳቸውን ይዘው ይውሉ ነበር። መጸዳጃ ቤት ማለት ለእነርሱ ከዓይን በሽታ በፊት ከዚህ ሥቃይ መገላገል ነበር፤ ክብርም ነበር። ትምህርቱ የተሳካለት ከሰዎቹ የገዛ ችግር ጋር ስለ ተገናኘ ነው።

ሁለተኛው የከምባታ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ቦጋለች ገብሬ፣ ኬ. ኤም. ጂ. የተባለውን ድርጅት ከእኅታቸው ጋር መሥርተው በትውልድ አካባቢያቸው ሥራ ሲጀምሩ፣ የአገሬው ሰው መጀመሪያ ያነሣላቸው ጉዳይ ግርዛት አልነበረም፤ ድልድይ ነበር። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ አዋቂው ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም እየተሰበሰበ ለወራት ተነጋገረ፤ ተከራከረ። የሴት ልጅ ግርዛትን በወንጀል የሚያስቀጣው አዋጅ ቁጥር 414/1996 ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያው አካባቢ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በብዙ ሕዝብ ፊት፣ አለመገረዟን ሳትደብቅ ተዳረች። ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም በሚባልበት አገር ይህ ከብዙ ስብከት የበለጠ ነበር።

ይሁንና ከዚህ የተሳሳተ ትምህርት እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። ሕዝቡን መጠየቅ ማለት ሕዝቡ ያለውን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። ቦጋለች ድልድዩን ሲያሠሩ ግርዛትን ልማድ ነው ብለው አልተዉትም፤ በሴት ልጅ ገላ ላይ የሚፈጸም በደል መሆኑን ያመኑበት ሴት ነበሩ፤ በራሳቸውም ገላ ደርሷል። የጠየቁት የራሳቸውን እውነት ለመተው ሳይሆን፣ እውነቱ ወደ ሌላው ሰው ሕይወት የሚገባበትን በር ለማግኘት ይመስለኛል። አስተማሪ ጽኑ ሊሆን ይችላል፤ ይገባዋልም። የማይገባው ደንቆሮ መሆን ነው።

አስቸጋሪው ነገር ጊዜ ነው። መስማት ወራት ይፈጃል፤ የፕሮጀክት ዕድሜ ግን አጭር ነው፤ በሽታም አይጠብቅም። በአንድ ቀን ሁለት ቀበሌ አዳርሶ ሁለት መዝገብ ማስፈረም የሚቻል ሆኖ ሳለ፣ አንዲት እናት ስለ እንስራዋ የምትናገረውን እስከ መጨረሻው መስማት ብክነት ሊመስል ይችላል። ለጋሹም የሚጠይቀው ስንት ሰው እንደ ተነገረው እንጂ ስንት ሰው እንደ ተሰማ አይደለም። ይህን ችግር አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ንግግር ትምህርት ሳይሆን ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ስለ ሰሚው ዕጣ ፈንታ ደንታ የለውም።

እንግዲህ «ነግረናቸው ነበር» የሚለውን ቃል መናገር የሚችል ማን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ በመጀመሪያ የተነገረውን የሰማ ሰው ብቻ ነው። የአገራችን ድሀ ዲዳ አይደለም። ወንዙ ሩቅ እንደ ሆነ፣ ክፍሏ ጠባብ እንደ ሆነች፣ መድኃኒቱ ከአቅሙ በላይ እንደ ሆነ ይናገራል፤ በስብሰባ ካልተፈቀደለት በደጅ ይናገራል፤ በደጅ ካልተሰማ በዝምታው ይናገራል። በሽታው ሲጸና፣ ሞቱም ሲመጣ መዝገብ ገልጠን የእርሱን ፊርማ ከመፈለጋችን በፊት እርሱ ለእኛ የተናገረውን የት እንደ ጻፍነው ብንፈልግ መልካም ነው። እኛ ነግረናቸው ከነበረ እነርሱም ነግረውን ነበር።