የጎረቤት እምቢታ

በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ከኮሎምበስ ከተማ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ለሚነዳ ሰው፣ ግራና ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። በየደጁ ሣር ላይ ደግሞ «ሶላር አይገባም» የሚል መልእክት ያላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። አንዱ ዘንድ ቆምኩ። የሽቦ እግሮቹ ዝገዋል። በዙሪያው ያለው ሣር ሳይታጨድ ረዝሟል፤ ባለቤቱ ማጨጃውን ሲነዳ ሰሌዳውን እንዳይነካ እየዞረው ነበር ማለት ነው። ሰውየው ነገሩን ከልቡ ይዞታል።

የኦሃዮ ግዛት ለዚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አወጣችለት። ሴኔት ቢል 52 በሚባለው በዚህ ሕግ መሠረት የካውንቲ ኮሚሽነሮች 50 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ የሚያመነጭ የሶላር ጣቢያ በገጠር መሬታቸው ላይ እንዳይሠራ መከልከል ይችላሉ። ከ88ቱ ካውንቲዎች ከ20 የሚበልጡት በከፊልም ሆነ በሙሉ ከልክለዋል።

መሬቱ የአንድ ሰው ነው፤ ለሶላር ጣቢያ ሊያከራየው ይፈልጋል። እምቢ የሚለው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤት በሌላው ማሳ ላይ እምቢ የማለት መብት ከየት ያገኛል?

መልሱን ችላ ማለት አልችልም። ጎረቤቱ አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት በሩን ሲከፍት ያየው የነበረው ሜዳ፣ በውሉ ላይ ስሙ ባይኖርም፣ የሕይወቱ ክፍል ሆኗል። ከዓይን በላይ የሆነ ጉዳትም አለ። በዚያ አገር ከብዙ ማሳ ሥር ትርፍ ውሃ የሚያወጡ ቱቦዎች ተቀብረዋል። የፓነሉን ብረት ምሰሶ ወደ መሬት ሲመቱት ቱቦው ቢሰበር፣ ውሃው የሚተኛው አጥሩን ተሻግሮ በጎረቤት እርሻ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈራ ገበሬ አላዋቂ አይደለም።

ነገር ግን እነዚያው ቱቦዎች ሌላም ነገር ይነግሩናል። ሰሜን ምዕራብ ኦሃዮ ታላቁ ጥቁር ረግረግ የሚባል፣ ሰው በጭንቅ የሚያልፍበት ጫካና ውሃ ነበር። የዛሬው ሜዳ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዛፉ ተመንጥሮ፣ ቦይ ተቆፍሮ፣ የሸክላ ቱቦ ተቀብሮ ነው። ጥንታዊ መልክ ብለን የምንከላከለው ያያቶች የግንባታ ሥራ ነው። ማሳውም ቢሆን ኃይል ከማምረት የራቀ አልነበረም፤ ከአሜሪካ በቆሎ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ኢታኖል ሆኖ በመኪና ውስጥ ይቃጠላል። በቆሎው የፀሐይን ብርሃን ለቅሞ ነዳጅ ይሆናል፤ ፓነሉ ደግሞ ከዚያው ብርሃን፣ ከበቆሎው እጅግ የሚበልጥ ድርሻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።

ይህም ሆኖ ጎረቤቱ መልኩን ወድጄዋለሁ ቢል ልቀበለው እችል ነበር። የማልቀበለው የሕጉን አድልዎ ነው። እዚያው ኦሃዮ ውስጥ መንሮ ፎልስ የምትባል ከተማ በክልሏ የሚቆፈር የነዳጅ ጉድጓድ የራሷን ደንብ እንዲያከብር ጠይቃ ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረደባት፤ የነዳጅና የጋዝ ቁፋሮ ፈቃድ የግዛቱ ብቻ ነው ተባለ። እንግዲህ ያው ነዋሪ ለፀሐይ ፓነል ሲሆን ድምፅ አለው፣ ለጉድጓድ ሲሆን የለውም። የአካባቢ ሰው መብት እውነተኛ መብት ከሆነ በሁለቱም ፊት መቆም ነበረበት። በአንዱ ፊት ብቻ የሚቆም ከሆነ፣ ሕግ አውጪው ያከበረው የገበሬውን ቃል ሳይሆን የራሱን ምርጫ ነው፤ የገበሬውን ፍቅርም ለዚያ ተጠቅሞበታል። ይህ ያሳዝነኛል።

ሌላው ችግር፣ ካውንቲውን በጅምላ የሚዘጋ ክልከላ ገና ያልቀረበን ሐሳብ አስቀድሞ መንፈጉ ነው። ከኮሎምበስ በስተምዕራብ ባለው ማዲሰን ካውንቲ ውስጥ ኦክ ረን የተባለ የ800 ሜጋዋት ፕሮጀክት ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት እ.ኤ.አ. በ2024 ፈቃድ አግኝቷል፤ ዕቅዱ በፓነሎቹ መሐል እህል ማብቀልና በግ ማሰማራትን ይጨምራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብ ሰው የሚከራከርበት ተጨባጭ ጉዳይ ያገኛል፤ አጥሩ ከቤቴ ምን ያህል ይርቃል፣ የተሰበረውን ቱቦ ማን ይጠግናል፣ ዘመኑ ሲያልቅ ብረቱን ማን ያነሳል።

ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ባለቤቱ ቢወጣ ልጠይቀው ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ አጥሩ ምን ያህል ቢርቅልዎ እሺ ይላሉ? ጥቂት ጠበቅሁ። በሩ አልተከፈተም።