መኪናውን ልሽጥ ወይስ ልያዝ? የባለ ዕዳውና የዋሱ ጉዳይ

ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ማዘዝ መብቱ ነው። ለመሆኑ በዕዳ የተገዛ መኪና ሙሉ በሙሉ የገዢው ነውን? ይህን ሳይመልስ «ልሽጠው ወይስ ልያዘው?» እያለ የሚጨነቅ ሰው ነገሩን ከመሀል የጀመረው ይመስለኛል።

ጉዳዩን በአንድ ከተማ እንየው። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ይዘልቃል። በከተማዋም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። መንገደኛ ባለበት ባጃጅና ሚኒባስ የሚመኝ አይጠፋም። ምኞቱ ግን ብዙ ጊዜ በቁጠባ ብቻ አይሞላም፤ ከፊሉ ከባንክ፣ ከፊሉ ከዘመድ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ከ2014 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ ሲነሣ ወጪው ጨመረ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ መኪናው ቆሞ ይውላል። የወሩ ክፍያ ግን አይቆምም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ባለ ሚኒባስ በደህና ወር 95 ሺህ ብር ያስገባል እንበል። ለሾፌርና ለረዳት 20 ሺህ፣ ለነዳጅና ለዘይት 30 ሺህ ቢያወጣ 45 ሺህ ይቀረዋል። የባንኩ ክፍያ 40 ሺህ ነውና «5 ሺህ አተረፍኩ» ይላል። ነገር ግን ለጎማ፣ ለሞተር እድሳት፣ ለኢንሹራንስና ለዓመታዊ ምርመራ በወር 12 ሺህ ማስቀመጥ ነበረበት። ያን ሲቀንስ 7 ሺህ ይጎድለዋል። አተረፍኩ ያለው ሰው በዓመት 84 ሺህ ብር ከስሯል ማለት ነው። ሞተሩ በተበላሸ ዕለት ከወንድሙ ይበደራል፤ ያንን ለመክፈል ከሱቅ ይበደራል። ይህ ሁሉ በደህናው ወር ሒሳብ ነው፤ መንገድ የሚዘጋበትን ወር አልቆጠርንም።

አሁን ከባንኩ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ፣ ከዘመድና ከሱቅ 500 ሺህ ብር ዕዳ አለበት እንበል። መኪናው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያወጣል። ባለቤቱ «ብሸጠውም 300 ሺህ ዕዳ ይቀርብኛል፤ ታዲያ መኪናዬንም ዕዳዬንም ይዤ ብቀመጥ አይሻልም?» ይላል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ነገር ግን በሒሳቡ ውስጥ አንድ ሰው ተረስቷል። እርሱም ዋሱ ነው።

ብድሩ ሲወሰድ አጎቱ ቤታቸውን አስይዘው ፈርመዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ በአንድነትና በነጠላ ዋስ የሆነን ሰው አበዳሪው ባለ ዕዳውን ቀድሞ ሳይከስ ሊጠይቀው ይችላል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ደግሞ ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዷል። እንግዲህ ባለ መኪናው «ነገ ይሻላል» ብሎ ተስፋ ሲያደርግ ተስፋው የቆመው በአጎቱ ቤት ላይ ነው። ተስፋ መልካም ነገር ነው። በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ሲቆም ግን የቤቱን ባለቤት ፈቃድ ይሻል።

የዋስ ነገር በዲናችን ቀላል አይደለም። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ 3 ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊሰግዱበት አልፈለጉም ነበር፤ የሰገዱት አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሳቸው ላይ ከወሰዱ በኋላ ነው። አቡ ቀታዳ ግን ሸክሙን ያነሡት ዐውቀውና ፈቅደው ነበር። የእኛ ዘመን ዋስ ብዙ ጊዜ ከፈረመ በኋላ ማንም ነገሬ አይለውም፤ ነገሩን የሚሰማው ማስጠንቀቂያው ቤቱ ሲደርስ ነው።

«መኪናው እኮ የእንጀራ መሣሪያዬ ነው» የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። የሐንበሊ ሊቃውንት የባለ ዕዳ ንብረት ሲሸጥ የሙያ መሣሪያው ይቀርለታል ይላሉ፤ ሻፊዒዮች በዚህ ጠበቅ ያደርጋሉ። ይሁንና መሣሪያ የሚባለው ባለቤቱን የሚያበላው ነው። በየወሩ 7 ሺህ ብር የሚበላው መኪና መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ቤተሰብ ሆኗል።

ሌላው «የመኪና ዋጋ እየናረ ነው» ይላል። እውነት አለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። መኪና ይዞ መቆየት የጠቀማቸው አሉ። በተለይ በሙራበሓ የገዛ ሰው የተስማማበት ዋጋ አያድግበትም። ክፍያውን በጊዜው የሚከፍል ሰው ቢይዘው ማንንም አልበደለም። ክፍያውን አቋርጦ የዋጋውን መናር የሚጠብቅ ግን በሰው ገንዘብ እየነገደ ነው። የመክፈል አቅም ያለው ሰው ማዘግየቱ ግፍ መሆኑን ሐዲስ ነግሮናል። ከፍላጎቱ የተረፈ፣ ሊሸጥ የሚችል መኪና በበሩ ያቆመ ሰውም «ቸገረኝ» ለማለት ይከብደዋል።

እርግጥ ሳይነገር የሚቀር አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም «እገሌ መኪናውን ሸጠ» መባል ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ቃል ይቆረቁራል። ነገር ግን የአንዱን ሰው ስም ለመጠበቅ የሌላው ሰው ቤት መያዣ ሆኖ መቆየቱ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ መሸጥ ሁልጊዜ ግዴታ ነው አልልም። ግዴታው የስድስት ወሩን ገቢና ወጪ ሳይደብቁ ጽፎ ለዋሱ ማሳየት፣ ፈቃዱንም መጠየቅ ነው። አጎቱ ሒሳቡን አይተው «ልጄ፣ እስከ በዓል ያዘው» ካሉ ይያዘው። ካላሉ ግን ባንኩን አስፈቅዶ ራሱ ገበያ ያውጣው፤ ሐራጅ እስኪጠራበት አይጠብቅ። በምሳሌያችን ሽያጩ የባንኩን ዕዳ ይዘጋል፣ የአጎቱን ቤት ያስለቅቃል፣ ከዘመድም ዕዳ 200 ሺህ ያነሣል። ዕዳው አላለቀም፤ የቀረው ግን በሰው ጣሪያ ላይ የተጫነ አይደለም።

ያን ጊዜ ተራው የአበዳሪ ዘመዶች ይሆናል። ሱረቱል በቀራህ በ280ኛው አንቀጽ የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ እንዲጠበቅ ያዛል፤ መተውንም ያበረታታል። ያለውን ሸጦ የመጣን ሰው በሽማግሌ ፊት ማዋረድ አይገባም። ባለ መኪናው አማናውን ሲጠብቅ አበዳሪው ደግሞ ጊዜ ይስጠው። ወላሁ አዕለም።