የደብር ዛፍ የማን ነው?

ልዑል እግዚአብሔር አባታችን አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ ሁለት ሥራ እንደ ሰጠው ኦሪት ዘፍጥረት ይመሰክራል፤ ይኸውም ገነትን እንዲሠራትና እንዲጠብቃት ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያውን ሁላችን እንወደዋለን፤ ችግኝ መትከል ደስ የሚያሰኝ፣ ሰው የሚያየው፣ በአንድ ቀን የሚፈጸም ሥራ ነውና። ሁለተኛው ግን ረጅም ነው፤ ተመልካችም የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ነገሩ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን በማግሥቱ ከብት የከለከለውና በበጋ ውሃ ያጠጣው ማን እንደ ሆነ ያን ያህል ሲነገር አልሰማንም።

ይህን የማነሣው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ከተማ ብዙ በማይርቅ አንድ ደብር በሰበካ ጉባኤ ተመርጬ ሳገለግል፣ አዳራሽ ለመሥራት ምክር ተደረገ። ገንዘቡ አልበቃ ስላለ በዐፀዱ ከቆሙት ታላላቅ ዋንዛዎች ሁለቱ ተቆርጠው ጣውላ እንዲሆኑ ሐሳብ ቀረበ። እጃቸውን ካነሡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ምክንያታችንም የሚያሳፍር አይመስልም ነበር፤ ዛፉ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ አዳራሹም የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ ማዛወር እንጂ ሌላ ምን አለበት? አልን። ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ብቻ ተነሥተው፣ «አባቶቼ፣ የተከሉትን ጠየቃችኋቸው ወይ? ያልተወለዱትንስ?» ብለው ተቀመጡ። እኛም የእርጅና ነገር ነው ብለን አለፍነው።

አዳራሹ ተሠራ። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚገባ፣ ከሩቅ ቀበሌ በጠዋት ተነሥተው የሚመጡ አረጋውያን ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ በእነዚያ ዋንዛዎች ጥላ ያርፉ ነበር። አሁን የፎገራ ፀሐይ በሚከርርበት በየካቲትና በመጋቢት ወደ አዳራሹ ይግቡ ብንላቸው፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ ይቆያቸዋል። አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ መምጣት ተዉ። እንግዲህ ለምእመናን ብለን በሠራነው ቤት ምእመናንን አራቅን።

ከዚያ ጀምሮ የሽማግሌው ጥያቄ አልተወኝም። ስሕተታችን የት ላይ ነበር? እንደሚመስለኝ «የቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ቃል «የእኛ» ብለን በመተርጎማችን ነው። ርስት ሌላ ነው፤ አደራ ሌላ ነው። ባለ ርስት የወደደውን ያደርጋል፤ ባለ አደራ ግን የተቀበለውን ለባለቤቱ ይመልሳል። ዛፉን የተከሉት ወይም ሳይቆርጡ ያቆዩት ከእኛ በፊት አልፈዋል፤ ከጥላው የሚቀመጡትም ገና አልተወለዱም። ሁለቱም ወገኖች ወደ ሰበካ ጉባኤ መጥተው እጃቸውን ሊያነሡ አይችሉም። እጃችንን ያነሣን እኛ በመካከል ያለን ጥቂቶች ነን።

እዚህ ላይ መጻሕፍትን የሚያውቅ አንባቢ ይቃወመኝ ይሆናል። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው ከሊባኖስ በተቆረጠ አርዝ አይደለምን? የጢሮሱ ንጉሥ ኪራምስ እንጨቱን በባሕር አልላከለትምን? እውነት ነው፤ ዛፍ መቁረጥ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ትምህርት የለንም። የወደቀውን ቅርንጫፍ የምትለቅመውን መበለትም ማንም ሊከለክላት አይገባም። ነገር ግን የሊባኖስን ነገር እስከ መጨረሻው እንከተለው። ከሰሎሞን በፊትም በኋላም ነገሥታት እየተፈራረቁ ስለ ቆረጡት፣ ያ ስሙ በመዝሙረ ዳዊት የተጠራው ደን ዛሬ እዚህም እዚያም ጥቂት ቀርቶታል። ብሸሪ በተባለው ከተማ አጠገብ ያለውና የአገሩ ሰዎች «የእግዚአብሔር አርዝ» የሚሉት ዐፀድ የተረፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1876 በድንጋይ ቅጥር ስለ ታጠረ ነው። ቅጥሩን ያሠራችው የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ስትሆን፣ የተከለከሉትም ችግኙን የሚበሉት ፍየሎች ነበሩ።

የደቡብ ጎንደር ነገርም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ከደብረ ታቦር መንገድ ላይ ሆኖ ዙሪያውን ለሚመለከት፣ በታረሰው ምድር መካከል እንደ ደሴት የሚታየው አረንጓዴ ሁሉ ከሞላ ጎደል የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ነው። በኋላ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው በብዙዎች ዘንድ የታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ የዶክትርና ማዕረጋቸውን እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር ያገኙት እነዚህን ደኖች መርምረው ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በዚሁ አውራጃ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን ተመልክተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። ጥድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ሎል ከሌላው ስፍራ ጠፍተው ከታቦቱ አጠገብ ተጠግተው ቀርተዋል።

ከምርምሩ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ግን የዘሩ ነገር ነው። እኛ ገበሬዎችና ካህናት፣ ዛፍ ቢቆረጥ ዘሩ በአፈር ውስጥ ስላለ በጊዜው ይበቅላል ብለን እንታመን ነበር። አፈሩ ተቆፍሮ ሲመረመር ግን የአብዛኞቹ ታላላቅ ዛፎች ዘር በምድር ተቀብሮ የማይቆይ ሆኖ ተገኘ፤ ወይ ወዲያው ይበቅላል፣ ወይ ይሞታል። የበቀለውንም በሬና ፍየል ይረግጠዋል፣ ይበላዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ቆመው፣ ልጅ የሌለው ቤት ሆኗል። ዛፉ አንድ ጊዜ ከሄደ ምድሪቱ ከራሷ አትመልሰውም።

ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ላውማንና እርሷ ከምትመራው የዛፍ ማኅበር ጋር ሆነው፣ ካህናቱን ሰብስበው ደኑ ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እየጠበበ እንደ ሄደ ከሰማይ በተነሣ ሥዕል አሳዩአቸው። ከዚያም በዐፀዱ ዙሪያ የድንጋይ ቅጥር መሥራት ተጀመረ። ገንዘቡ በከፊል ከውጭ ሲመጣ፣ ድንጋዩን ከየማሳው የለቀመውና የካበው ምእመኑ ነው፤ ማሳውም ለሞፈር ቀለለ።

ስለዚህ ቅጥር ሁለት ወቀሳ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው፣ ቤተ ክርስቲያናችን በባዕድ ገንዘብ መታጠር ነበረባትን? የሚል ነው። ይህ ከባድ አይመስለኝም፤ ኪራምም እስራኤላዊ አልነበረም። ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል። አባቶቻችን ያለ ቅጥር በግዝትና በፈሪሃ እግዚአብሔር ብቻ ጠብቀውት ነበር፤ እኛ ቅጥር ያስፈለገን እምነታችን ስለ ጎደለ አይደለምን? ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ነገር ግን በሬ ግዝት አያውቅም። ደግሞም ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ፎገራ ከገባ ወዲህ መሬቱ ተወዶ፣ የግጦሹም ቦታ እየታረሰ፣ ከብቱ ሣር ያለበት ሌላ ስፍራ አጥቷል፤ የቀረው ዐፀዱ ነው። ወቀሳው የሚጸናው በሌላ በኩል ነው፤ ቅጥር በሬን ይከለክላል፣ ቃለ ጉባኤ የያዘ ካህንን ግን አይከለክልም። ሁለቱን ዋንዛ የቆረጥን እኛ በበር ገብተን ነው።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ቃል ልናገር። ካህናት ደመወዛቸው ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ አድባራት ባሕር ዛፍ ተክለው ይሸጣሉ፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ የካህኑን ልጆች ምግብ ያስብ። እኔ የምለው ከዐፀዱ ውጭ ይተከል፣ ለሽያጭ የሚሆነውና ለአደራ የሚሆነው አይቀላቀሉ ነው።

የከተማው ዛፍ ደግሞ ከደብሩ ዛፍ ይልቅ ድኃ አደግ ነው። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያ መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ስትሆን፣ በመንገዷ ዳር የተተከለውን ችግኝ ነጋዴው የማዘጋጃ ቤት ነው ይላል፣ ማዘጋጃ ቤቱም የሕዝብ ነው ይላል። እድር ግን አለን። ለቀብር የቀረውን ሰው መቀጮ የሚያስከፍል ማኅበር፣ በየደጃፉ ላለች አንዲት ችግኝ ተራ ቢያወጣ የሚያቅተው አይመስለኝም።

በደብራችን፣ ሜዳው ዋልካ ስለሆነ ድንጋይ ብርቅ ነውና፣ የቅጥሩን ነገር በቁልቋል አድርገነዋል። በተቆረጡት ፋንታም ሁለት የዋንዛ ችግኝ ተክለናል። ሽማግሌው ዘንድሮም በጾሙ ይመጣሉ። ችግኞቹ ገና ከጉልበታቸው አላለፉም፤ ጥላም የላቸውም። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው ከአጠገባቸው ይቀመጣሉ፣ ቁልቋሉን ጥሶ የገባ ፍየል ሲያገኙም በምርኩዛቸው ይመልሳሉ።