ከመጋረጃው በፊት የተሰጠ ፍርድ

ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን አዲስ አበባ፣ ቴራስ ሆቴል ውስጥ ሲያሳዩ ታዳሚው መሳፍንቱና መኳንንቱ ነበሩ። መድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚታማው ግን ሹሙ ነው። ነገሩ የገባቸው አልሣቁም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መጽሐፉ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ቴአትር ማሳየትም ቀረ። መንግሥት የማይወደውን ነገር መከልከሉ አዲስ አይደለምና እሱ አይደንቀኝም። የሚደንቀኝ የፍርዱ ስፋት ነው። ያስቀየመው አንድ ተውኔት ሆኖ ሳለ የተቀጣው ተውኔት የሚባለው ነገር በሙሉ ሆነ። ያየው ጥቂት ሰው፣ የተነፈገው ሁሉም ሰው።

በዘረመል ምሕንድስና ስለተለወጡ ሰብሎች፣ ሕጋችን «ልውጠ ሕያዋን» ስለሚላቸው፣ የምንከራከረው ክርክር ከዚያ ዘመን ብዙም ፈቀቅ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ወገን «መርዝ ነው» ብሎ ዘርፉን በሙሉ ያወግዛል፤ ሌላው «ሳይንስ ነው» ብሎ ዘርፉን በሙሉ ያጸድቃል። የትኛው ሰብል? የማን ዘር? በየትኛው ማሳ? በስንት ብር? ይህን የሚጠይቅ ሰው በሁለቱም በኩል እንደ ወላዋይ ይታያል። እኔ ግን ጥያቄው ያለው እዚያው ነው ባይ ነኝ፤ እንዲህ አድርጎ መጠየቅን ደግሞ ከቴአትር ተመልካች የተሻለ የሚያስተምር አላውቅም።

ተውኔት ማድነቅ ማጨብጨብ ብቻ አይደለም። ተመልካች ትኬት ቆርጦ ሲገባ ሳያውቀው አንድ ውል ይፈርማል፦ የማይወደውን ሰው ቃል ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሊሰማ። በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ የተጫወተውን «ኦቴሎ»ን አስቡት። ሸረኛውን ኢያጎን ገና ከመግባቱ ጀምሮ ዐይኑን እያጉረጠረጠ፣ ክፋቱ ፊቱ ላይ ተጽፎ የሚጫወት ተዋናይ ተውኔቱን ይገድለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ያመነ ኦቴሎ ሞኝ ሆኖ ይቀራል፤ ለሞኝ ደግሞ ማን ያለቅሳል? ጎበዙ ኢያጎ የሚያሳምን ኢያጎ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥነው ሰዎች ለአፍታ «እውነቱን ነው እኮ» ማለት አለብን፤ የኦቴሎ ውድቀት የሚያመን ያን ጊዜ ነው። በልውጠ ሕያዋን ክርክር ግን ሁሉም ባላንጣውን ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ኢያጎ አድርጎ ይጫወተዋል። ተመራማሪው የኩባንያ ቅጥረኛ ነው፤ የአካባቢ ተቆርቋሪው የረሃብተኛ ጠላት ነው። አዳራሹ ይጮኻል እንጂ የሚያስብ የለም።

ይህን ጉዳይ ከሾዋክ ሆኖ ማየት ከአዲስ አበባ ሆኖ ከማየት ይለያል። ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ አትባራ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። አትባራ ከጎንደር በኩል ካለው ደጋችን ይወርዳል፤ እኛ ተከዜ የምንለውና ሱዳኖቹ ሰቲት የሚሉት ወንዝም እዚያው አካባቢ ይገናኘዋል። የሱዳን የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለምሥራቁ ሥራው የተተከለባት ከተማ በመሆኗ ለአሥርት ዓመታት የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኛ ስሟን ሳያውቅ አላለፈም። ዙሪያዋ ደግሞ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ፣ ዐይን የማይጨርሰው ሜዳ ነው። በመተማ በኩል ተሻግሮ ለአረምና ለአጨዳ የሚሄደው የእኛ ሰው ላቡን የሚያፈሰው እዚህ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ነገር ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። እስካሁን ከታወቁት የለማዳ ማሽላ ምልክቶች ሁሉ ጥንታዊው የተገኘው እዚሁ ምሥራቅ ሱዳን፣ ከሰላ አቅራቢያ ነው። ከ5,000 ዓመት በፊት ግድም ሸክላ የሠራ ሰው ጭቃው ውስጥ የእህል ገለባ ቀላቅሎ ኖሮ የፍሬው ቅርጽ በሸክላው ላይ ታትሞ ቀረ። ማሽላ በዚህ ሜዳ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሱዳን መንግሥት ከአሜሪካ የሚመጣ የእርዳታ እህል ከልውጠ ሕያዋን ነጻ መሆኑ በማስረጃ ይረጋገጥልኝ አለ። አሜሪካኖቹ አንሰጥም አሉ፤ በመጋቢት 2004 ተጨማሪ መላክ አቆሙ። በመጨረሻ ሱዳን ጥያቄዋን ለጊዜው አነሣች። ከዚያ በፊት በ2002 ዛምቢያ በረሃብ መካከል ሆና የተለወጠ በቆሎ አልቀበልም ብላ ነበር። ጎረቤቶቿ ግን አንድ መላ አገኙ፦ ተፈጭቶ ይግባ። ይህ መላ የክርክሩን ልብ ያሳያል። ያልተፈጨ እህል ምግብም ዘርም ነው፤ ሲፈጭ ምግብ ብቻ ይሆናል። እህሉን ስትቀበል የዛሬን ራት ብቻ ነው የምትቀበለው ወይስ የከርሞንም ማሳ?

ሄግል የትራጄዲ ፍሬ ነገር የእውነትና የሐሰት ግጭት ሳይሆን የሁለት እውነቶች ግጭት ነው ይል ነበር፤ ምሳሌው የሶፎክልስ «አንቲጎኔ» ናት። ወንድሟን መቅበር አለባት፤ ንጉሡም ቀብሩን የከለከለበትን ሕግ ማስከበር አለበት። በ2004ቱ ሱዳን መንግሥት በአፈሩ ላይ ምን እንደሚገባ የመወሰን መብት አለው፤ የተራበ ሰውም የመብላት መብት አለው። እዚህ ድረስ ሄግል ያስኬደናል። ከዚህ በኋላ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። በግሪኮቹ ተውኔት ከጎን ቆሞ የሚያዜመው የአገሬው ሰው ቡድን እንኳ የራሱ ስንኝ አለው፤ ንጉሡን ይገሥጻል፣ ይመክራል። በዚህኛው ድራማ ካርቱምና ዋሽንግተን ሲነጋገሩ ራሽን ተቀባዩ አንዲት ቃል አልተጻፈለትም።

ቢጻፍለት ምን ይል ነበር? ከማሽላ ጋር የኖረች እናት እህል ስትቀበል የምታደርገውን ማየት ነው። እፍኝ ታነሣለች፤ መዳፏ ላይ አሽታ አቧራውን ትነፋለች። አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሷ ትሰብራለች፤ ጠንካራ ነው ለስላሳ? ነጭ ነው ቀይ? ከዚያ ሰፌዱ ይመጣል። በውስጧ ያሉት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ሊጡ ይነሣል? እንጀራው ዐይን ያወጣል? በነጋታው ይደርቅ ይሆን? የሚተርፍ ከሆነ ይበቅላል? ይህች ሴት ሐያሲ ናት። በዘርፉ ላይ አትፈርድም፤ እጇ ላይ ባለው ላይ ትፈርዳለች። (በነገራችን ላይ የተለወጠ ማሽላ ለገበያ የሚያመርት አገር ያኔም ዛሬም የለም፤ ጥርጣሬው ሊያርፍ የሚችለው በቆሎና አኩሪ አተር ላይ ነበር። ይህ ዝርዝር በጩኸቱ መካከል የት ይሰማል?)

ዘር የተጻፈ ተውኔት ነው ብዬ ላስብ። ዘረመሉ ቃሉ ነው፤ የሚጫወተው ግን አፈሩ፣ ዝናቡ፣ የብድሩ ወለድና የፋብሪካው ሚዛን ነው። አንድ ጽሑፍ በአንዱ አዘጋጅ እጅ ሕይወት ይዘራል፤ በሌላው እጅ ይሞታል። የጓይ ትልን የሚቋቋመውን ቢቲ ጥጥ እንውሰድ። ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዘራችው። ገበሬው ወደደው፤ ስድስት ጊዜ ይረጭ የነበረውን ኬሚካል ወደ ሁለት አወረደለት። የጥጥ ኩባንያዎቹ ግን ጭረቱ አጠረ አሉ፤ በዓለም ገበያ ስም ያወጣላቸው የነበረው የጭረቱ ርዝመት ወረደ። በ2016 ተዉት። «አልተሳካም» ወይስ «ተሳክቷል»? ለማን? ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የተጣሉትም በመርዝነቱ ሳይሆን በጭረት ርዝመት ነው። ስንት ዓመት የጮኽንበት ጥያቄ ቦታው ላይ ሲደርስ ጥያቄው ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ሱዳንና ኢትዮጵያን ጎን ለጎን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2012 የፈቀደችው «ሲኒ 1» የተባለ የቻይና ቢቲ ጥጥ ዲቃላ ስላልሆነ ፍሬው ተመልሶ ሊዘራ ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደቻቸው ሁለት የህንድ ዝርያዎች ግን ዲቃላዎች ናቸው፤ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ያስፈልጋል። ትሉን የሚገድለው የዘረመል ጥበብ ከአንድ ዘር ነው፤ ገበሬውን ከሻጩ ጋር የሚያስተሳስረው ነገር ግን ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ያ ትስስር የሚመጣው ከዘረመል ምሕንድስናው ሳይሆን ከድቀላው ነው።

ይህ ደግሞ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ ኢጄታ ሱዳን ውስጥ ሲሠሩ ያወጡት «ሐጊን ዱራ 1» የተባለው ዲቃላ ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። ድርቅ የሚችል፣ ምርቱ የበዛ ነበር። ቆይተውም ማሽላን ከሥሩ የሚመጠውን አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጡ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። ያ ሁሉ የተገኘው በመደበኛ ማዳቀል ነው። ዲቃላውም በየዓመቱ የሚገዛ ዘር ነበር፤ ያኔ ግን «ጥገኝነት» ብሎ ሰልፍ የወጣ አልነበረም። ጥገኝነት የሚያስፈራን ከሆነ፣ ሊያስፈራንም ይገባል፣ ድንበሩን ያሰመርነው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ስለ መርዝነቱም ላለመሸሽ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ግምገማ በገበያ ላይ ያሉት የተለወጡ ሰብሎች ከመደበኞቹ የበለጠ ጤናን እንደሚጎዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ይህን አምኜ እቀበላለሁ። የተቃዋሚው ወገን ደካማ ክርክር ይኸኛው ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በብዛት የሚጮኸው እሱን መሆኑ ነው።

ጠንካራውን ክርክር ያቀረቡት ሰው የእኛው ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ልውጠ ሕያዋን ዝውውር ካርታሄና ላይ የተጀመረው ድርድር ሲፈርስ፣ በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ የካርታሄና ፕሮቶኮል ሲጸድቅ፣ የብዙ ታዳጊ አገሮች ቃል አቀባይ እሳቸው ነበሩ። የጠየቁት ዋና ነገር ቀላል ይመስላል፦ ሳልጠየቅና ሳልፈቅድ ወደ አገሬ አይግባ። ይህ ክልከላ አይደለም፤ መድረክ ላይ የመናገር ጥያቄ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 655 ይህን ሐሳብ አገር ውስጥ አመጣው። ሆኖም አጥብቆ ስለዘጋው ተመራማሪ እንኳ መሞከር አቃተው፤ በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 896 አላላው። ተወልደ ይህን ማላላት አልወደዱትም ነበር። እኔ እዚህ ላይ ከሳቸው እለያለሁ፤ ባልተሞከረ ነገር ላይ መፍረድ በፋቡላ ላይ የተሰጠው ዓይነት ፍርድ ነው።

ግን ተውኔትና ዘር የሚለያዩበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ተወልደ ትክክል ናቸው። መጥፎ ተውኔት መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል። ብናኝ ግን መጋረጃ የለውም። በቆሎ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ስለሆነ በእኛ ሜዳ የሚዳቀለው የዱር ዘመድ የለውም፤ ጉዳቱ ከታየ ዘሩን ማቆም ይቻላል። የማሽላ የዱር ዘመዶች ግን በገዳሪፍና በመተማ ማሳ ዳር እንደ አረም በቅለው ይገኛሉ፤ ከተዘራው ጋርም ይዳቀላሉ። ወደዚያ የገባ ዘረመል ተመልሶ አይለቀምም።

የብሬሽት «እናት ድፍረት» ዙሪክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1941 ሲታይ ተመልካቹ ለእናቲቱ አለቀሰ፤ ጸሐፊው ግን ይህን ሲሰማ ተናደደ። የፈለገው እንባ አልነበረም፤ ጦርነቱ ልጆቿን እየበላባት ለምን ከጦርነቱ ጋር እንደምትነግድ ተመልካቹ እንዲጠይቅ ነበር። ጸጋዬ ያንን ተውኔት «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ወደ መድረካችን አምጥቶታል። በልውጠ ሕያዋን ክርክርም ሁለቱም ወገኖች እንባ ይሸጡልናል፤ አንዱ የተራበ ሕፃን ፎቶ፣ ሌላው የተመረዘ ሕፃን ፎቶ ይዞ። ሁለቱንም ፎቶ አስቀምጠን የሒሳብ ደብተሩን እንጠይቅ።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይኸው ነው። ጥጥና በቆሎ በየወቅቱ፣ በየማሳው ይመዘኑ፤ ከልካዩም አወዳሹም ይታገሡ። ማሽላ ግን በተወለደበት አገር ነውና የድንበሩ ገበሬዎች በወዲህም በወዲያም ሳይሰሙና ሳይስማሙ የተለወጠ ማሽላ ሜዳ ላይ መዝራት አይገባም። መልካሳ የተደረገው የተለወጠ በቆሎ ሙከራና የቢቲ ጥጡ ውጤት፣ የዘሩ ዋጋና የጭረቱ ርዝመት ጭምር፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ታትሞ ለገበሬ ማኅበራት ይድረስ። የግብርና ሚኒስቴር ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም።