ስለ ውሻውም ጠይቂ

ልጄ፣ ጎንደር ወርደሽ ዩኒቨርሲቲውን በዓይንሽ ማየት እንደፈለግሽ እናትሽ ነግራኛለች። አባትሽ «ፈተናውን ሳታልፊ ግቢውን ማየት ምን ያደርግልሻል?» ማለቱንም ሰምቻለሁ። አባትሽ የዋዛ ሰው አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን በሬዲዮ ከሰማ ወዲህ ልቡ አልተመለሰም። እኔ ግን ሂጂ ባይ ነኝ፤ አሁን፣ ገና አሥራ አንደኛ ሳለሽ።

ከእኛ ደጋ ትምህርት ፍለጋ መውጣት በእናንተ አልተጀመረም። ድጓ የፈለገ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር በዓታ ይሄድ ነበር። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ለብሶ ከመነሣቱ በፊት ከዚያ የመጣ ሰው ፈልጎ ይጠይቃል፦ የኔታ ጤና ናቸው? ጎጆ መቀለሻ ቦታ አለ? መንደሩ ቁራሽ ይሰጣል? ውሻው ክፉ ነው ወይ? የመጨረሻይቱ ታስቃለች። አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ደጅ ለደጅ ለሚለምን ልጅ ግን ከዜማው ይልቅ እንቅልፍ የምትነሳው እሷ ነበረች። ደብሩ ያምራል ወይ ብሎ የጠየቀ ተማሪ አላጋጠመኝም።

እኔ ሳልጠይቅ ሄጄ ተቀጥቻለሁ። መምህርነት ልሠለጥን የገባሁ ሰሞን ሁለት ቀን በእናቴ በሶ ብቻ ኖርሁ። ምግብ ቤት ለመግባት ካርድ እንደሚያስፈልግ፣ ካርዱን የሚሰጠውም ሰው የት እንደሚቀመጥ አላወቅሁም፤ መጠየቅ ደግሞ አፈርሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ የደባርቅ ልጅ በሶ ስበጠብጥ አይቶኝ ከት ብሎ ሳቀና እጄን ይዞ ወሰደኝ።

ግቢውን አየሽው ማለት ትገቢበታለሽ ማለት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ምርጫሽን ትሞያለሽ፤ ትምህርት ሚኒስቴር በውጤትሽ ይመድብሻል። ጎንደርን ስታስቢ ጅማ ወይም ሐዋሳ ሊደርስሽ ይችላል። ይሁን እንጂ ግቢ ከግቢ ይመሳሰላል። ሬጅስትራር፣ ፕሮክተር፣ ሚል ካርድ፣ ዶርም የሚባለውን አንድ ቦታ ያየ ሌላው ዘንድ አይደናገጥም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ጀምሯል። ከቤትሽ ወጥተሽ፣ ስልክሽን ትተሽ፣ ከማታውቂያቸው ልጆች ጋር አድረሽ ልትፈተኚ ትችያለሽ። ያን ለት መጸዳጃ ቤቱን ስትፈልጊ ሒሳቡ እንዳይጠፋብሽ ነው የምለፋው።

ለነገሩ ዩኒቨርሲቲው ወደ እኛ መምጣት ከጀመረ ቆይቷል። ዳባት ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ ብለው የሚመዘግቡት ልጆች የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ሠራተኞች ናቸው። ተቋሙ ሲጀመርም ጠባዩ ይኸው ነበር። ወባ ደንቢያን ካራቆተች በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ተከፈተ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አስተምሮ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሐኪም ማሠልጠን የመጣው ዘግይቶ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ይህን የማነሣው መንደሩ ሁሉ «ዶክተር ትሆናለች» እያለ ስላስጨነቀሽ ነው። ከሐኪሙ በፊት ሌሎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ስለ አዋላጅነቱም፣ ስለ አካባቢ ጤናውም፣ ስለ እንስሳት ሕክምናውም ጠይቂ። ከብት የሚያረባ አገር ልጅ ሆነሽ የመጨረሻውን ሳትጠይቂ ብትመለሺ እታዘብሻለሁ።

ሕክምና ነው ልብሽ የሚለው ካልሽም እሺ። ሆስፒታሉና የሕክምና ትምህርቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ የደጋው ሰው ያን ቦታ የሚያውቀው በአስታማሚነት ነው። እኔም ባለቤቴን ሳስታምም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሲያንቀላፋ አየሁ። ስሙ ተጠራ፤ ዓይኑን አሽቶ ሮጠ። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማየትሽ በፊት ታካሚ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጪ። ሽታውና ልቅሶው ካስመረረሽ ዛሬ ብታውቂው ይሻላል።

የጉዞው ነገር ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት ዋዜማውን መናኸሪያ ሄደሽ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ጠይቂ፤ በዚህ ጊዜ ያለዚህ አይወጣም። ከዳባት ጎንደር ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማልደሽ ከተነሣሽ ቢሮ ሲከፈት ትደርሻለሽ። ቅዳሜ አትሂጂ፤ ቢሮ ዝግ ነው፤ ሚኒባሱም በገበያተኛ ይሞላል። ዓርብ ደግሞ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ባዶ ወንበር ታያለሽ። ሐሙስ ይሁንልሽ። የጥምቀትን ሰሞን እርሺው፤ ያን ጊዜ ጎንደር የእንግዳ ናት። ከርዕሰ መምህሩ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያዢ፤ የበር ጥበቃው ፊትሽን አያውቀውም። የወረዳችንን አንድ ተማሪ አስቀድመሽ ደውለሽ በር ላይ እንድትጠብቅሽ አድርጊ። ግቢዎቹ የተራራቁ ናቸው፦ ሕጉ ማራኪ፣ ምሕንድስናው ዐፄ ፋሲል፣ ግብርናው ዐፄ ቴዎድሮስ። ሁሉን በአንድ ቀን በባጃጅ ልዙር ብትዪ የምታዪው ባጃጁን ነው። ሁለት ይብቃሽ፤ አክስትሽ ዘንድ እደሪ። የፋሲል ግንብ የትም አይሄድም፤ ለመመለሻሽ አቆዪው።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲንም አትናቂው። አዲስ ነው፣ ቅርብ ነው ብለው የሚያቃልሉት አሉ። ውርጩን የለመድሽ ልጅ ነሽ፤ ከቤትሽ ስንቅ የሚደርስሽ ከሆነ ቅርበት ጥቅም እንጂ ነውር አይደለም። ሩቅ ከተመደብሽም እዚያ የሚቀበል ቤተሰብ አለ ወይ ብለሽ አጣሪ። ጎንደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌላ ክልል የሚመጡትን ተማሪዎች ከከተማው ነዋሪ ጋር የሚያዛምድ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ነገር አላት። እንዴት እንደሚሠራ ጠይቂ፤ ነገ ሌላ ከተማ ስትደርሺ ምን ብለሽ እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ውሻው ልመለስ። የዛሬው ውሻ አራት እግር የለውም። ግቢውን በሚያስጎበኝሽ ሰው ፊት የማይጠየቀውን ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ዶርም በር ላይ ጠይቂያቸው። ውኃ በስንት ቀን ይመጣል? የጎንደር ከተማ የውኃ ነገር የታወቀ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቧንቧ ራስሽ ክፈቺው። ከላይብረሪ እስከ ዶርም ማታ መብራት አለ? መምህርም ሆነ ተማሪ ሴት ልጅ ቢያስቸግር ለማን ይነገራል፣ የተነገረውስ ሰው ምን ያደርጋል? ለወር እጅ ላይ ስንት ብር ያስፈልጋል? ያልፈለገችው ትምህርት ክፍል የደረሳት ልጅ ካገኘሽ ደግሞ አትልቀቂያት። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም የጋራ ኮርስ ይማራል፤ ከዚያ በውጤትና በቦታ ብዛት ይደለደላል። የት ላይ እንደተንሸራተተች ከእሷ የተሻለ የሚነግርሽ የለም። «እንግሊዝኛው ነው» ትልሻለች ብዬ እገምታለሁ፤ እኔ አስተማሪ ነበርሁና ድርሻዬን አልክድም።

የሰማሽውን ማታውኑ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ስትመለሺ እቤት ሳትገቢ በእኔ በኩል እለፊ፤ ቡናው ይፈላል። አባትሽንም እጠራዋለሁ፤ ከቧንቧው ጀምረሽ ለእሱ ንገሪው።