የተፈቀደ ማታለል

ማታለል ነውር ከሆነ ተመልካች ለአታላዩ ስለ ምን ያጨበጭባል? የካርታ ምትሃት ይህን ጥያቄ ከነሥሩ ያነሣል።

ኤርድኔዝ በሚል የብዕር ስም በ1902 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ መጽሐፍ፣ የቁማር ቤቱን ማጭበርበርና የመድረኩን ምትሃት በአንድ ጥራዝ አጣምሮ ያስተምራል። እጁም አበዋወዙም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከተመልካች ጋር በሚገባው ውል ላይ ነው። ቁማርተኛው ታማኝ መስሎ ይቀመጣል፤ ምትሃተኛው ግን እንደሚያታልል አስቀድሞ አስታውቆ ይጀምራል።

ይሁን እንጂ ይህም ውል የሚፈርስበት ጊዜ አለ። አሜሪካዊው ፖል ከሪ በ1942 እ.ኤ.አ. ያፈለቀው ትርኢት ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ተመልካቹ የካርታዎቹን ፊት ሳያይ ቀይ ወይም ጥቁር እያለ ግምቱን ይናገራል፤ ካርታዎቹም በግምቱ መሠረት በረድፍ ይደረደራሉ። በመጨረሻ ሲገለበጡ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ሆኖ ይገኛል። ተአምሩን ተመልካቹ ራሱ የሠራው ይመስላል።

የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመዝኑት የምስጢሩን መሰወር፣ የአሠራሩን መቅለልና የፍጻሜውን አስደናቂነት በመመርመር ነው። በእነዚህ ሁሉ የከሪ ትርኢት ምስጉን ነው። ነገር ግን አንድ ሚዛን ይቀራል፤ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ምን ይዞ ይሄዳል? በቅርቡ ልጇን የቀበረች እናት፣ «በእርግጥ የተሰወረውን ማየት እችላለሁን?» ብላ ብትጠይቅ ምትሃተኛው ምን ይመልሳል? «አዎን፣ ጸጋው አለዎት» ካላት ከቁማርተኛው የባሰ ሌባ ነው። ያኛው ገንዘብ ይወስዳል፤ ይህ ግን ማስተዋልን ይሰርቃል።

ሁዲኒ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ከመሞቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ሙታንን እናነጋግራለን እያሉ ሐዘንተኞችን የሚበዘብዙትን ሲያጋልጥ ኖረ። ራሱ የማታለል ሊቅ መሆኑ ከዚህ ተግባር አላገደውም፤ እንዲያውም ተንኮላቸውን ለይቶ እንዲያውቅ ረዳው።

እውነቱ ከተነገረ ድንቅነቱ ይጠፋል የሚሉ አሉ። ግን በቴያትር ቤት የሞተው ንጉሥ መጋረጃው ሲዘጋ ተነሥቶ እንደሚሄድ የማያውቅ ማን ነው? ተመልካቹ ይህን እያወቀ ያለቅሳል። ስለዚህ ምትሃተኛ አንድን ትርኢት መድረክ ላይ ከማውጣቱ በፊት ከጣቶቹ ሥራ ጋር፣ ለዚያች እናት የሚመልሰውንም ቃል አጥንቶ ይቅረብ። ዓይንን እንዲያታልል ተፈቅዶለታል፤ በሐዘን እንዲጫወት ግን ማንም አልፈቀደለትም።