ጉድለቱ የት ጥግ ይውደቅ?

ግድግዳው 170 ሴንቲሜትር ነው፤ ልክ የመታጠቢያ ገንዳው ርዝመት። ሴራሚኩ 20 በ20 ሲሆን በየመጋጠሚያው ሁለት ሚሊሜትር እንተዋለን። እያንዳንዱ ላይ የታተመው የአበባ ሩብ ነው፤ አራቱ ሲገናኙ አንድ አበባ ይሞላል። ሴራሚክ ለጣፊ ስለ ፈጣሪ ፍትሕ ምን አገባው የሚል ካለ ሜትሩን ይዞ እዚህ ግድግዳ ፊት ይቁም።

ከአንዱ ጥግ ብነሳ ስምንት ሙሉ ገብቶ በወዲያኛው ጥግ ከ8 ሴንቲሜትር ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ይቀራል። መጋጠሚያውን የግድግዳው እኩሌታ ላይ ባውለው አበቦቹ ግራና ቀኝ ተመዛዝነው ይቆማሉ፤ ለጥጎቹ ግን ለየራሳቸው የ4 ሴንቲሜትር ስስ ቁራጭ ይደርሳቸዋል። አንዱን ሴራሚክ መሃል ብተክለው ሁለቱም ጥጎች 14 ሴንቲሜትር ያህል ያገኛሉ፤ ደህና ቁራጭ ነው፤ አበባው ግን መሃሉን ይስታል። (የቁመቱ ነገር ቀላል ነው። የገንዳው ከንፈር ውሃ ልክ ስለማይጠብቅ ሞራሌ መትቶ ከሁለተኛው ረድፍ መጀመር ነው።)

የቤቱ እመቤት "ልጄ፣ አበባው መሃል ካልዋለ ምኑን አበባ ሆነ?" አሉኝ።

ታዲያ ጉድለቱ ከየት መጣ? ሴራሚኩ ሙሉ ነው። ንድፉም ቢለቁት በአራቱም አቅጣጫ ማለቂያ የለውም። ግድግዳውም ልክ ስላለው አልበደለም። ማለቂያ የሌለው ሥርዓት ልክ ባለው ነገር ላይ ሲያርፍ አንድ ቦታ መቆረጡ አይቀርም። እስከዚህ ድረስ ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከላይብኒትዝ ጋር ነኝ። በፈረንጆቹ 1710 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እግዚአብሔር ሊሆኑ ከሚችሉት ዓለማት የተሻለውን መርጧል፤ ፍጡር ውስን ነውና ጉድለት አያጣም ይላል። በ1755፣ በካቶሊኮች የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ የፖርቱጋሏ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴርም ከአራት ዓመት በኋላ "ካንዲድ" በተባለው ልብ ወለዱ ይህንኑ ሐሳብ ተሳለቀበት።

እኔን የሚከብደኝ መቆረጡ አይደለም። የሚቆረጥበትን ቦታ የሚመርጥ እጅ መኖሩ ነው። የላይብኒትዝ መልስ የሚጥመው በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን በሙሉ ለሚያይ ሰው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ መከራ የወረደበት ኢዮብ ግን ያለው ጥጉ ላይ ነው። ወዳጆቹ ሒሳቡ ልክ ነው፤ የተቆረጥከው ብታጠፋ ነው ይሉታል። እግዚአብሔር በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 38 ሲመልስለት የሚናገረው በእኛ በግንበኞች ቋንቋ ነው፤ መሠረት፣ ልክ፣ ገመድ፣ የማዕዘን ድንጋይ። ለምን አንተ ላይ ወደቀ የሚለውን አይነግረውም፤ ለጠቅላላው ውበት ነው ብሎም አያባብለውም። በመጨረሻ የሚቆጣው ግን በወዳጆቹ ነው፤ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ ነው ይላል፤ ያ ሁሉ ሲጮህና ሲሟገት የከረመው ኢዮብ። ጥጉ ላይ ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ ክብር የሰጠ መልስ አላውቅም፤ ማብራሪያ ባይሆንም።

እኔ ብሆን ሁለቱን 14 እመርጥ ነበር፤ አበባው ትንሽ ይንሸራተት፣ ጥጉ አይቀጥን። ቤቱ ግን የእሳቸው ነው፤ አበባውን መሃል አዋልነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ካርቶን ትርፍ እንዲገዙ ነገርኳቸው።

"ለምኑ? ቆጥረህ የለ?"

"ቆጥሬያለሁ፣ እማማ። 4 ሴንቲሜትሯ ግን ስትቆረጥ ትሰበራለች።"